ከሳሙና ጋር የተመዘገበው የዋንዛ መደርደሪያ

ሰኔ 6 ቀን
ወላይታ ሶዶ

ለተከበሩ አቶ ጌታነህ
የንባብ ክፍላችንን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አላልቅ ስላለ አንድ መደርደሪያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በጠረጴዛዎ ላይ ላሉት ማኅተሞች ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የዘንድሮው ዝናብ ከዳሞታ ተራራ ሲወርድ ጉንፋን ይዞ ስለመጣ፣ እርስዎን እንዳይነካብን ስንሰጋ ሰንብተናል፤ በተለይ ወሩ የንብረት ቆጠራ ወር ስለሆነ፣ በዚህ ወር ኃላፊ ቢታመም ማን ምን እንደሚቆጥር አይታወቅም።

እኔ አሳየሽ ደገፉ እባላለሁ። በንባብ ክፍሉ በጽዳት ሥራ ከተቀጠርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የመጻሕፍት ኃላፊዋ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወረች ወዲህ፣ ተተኪ እስኪመጣ ድረስ በሩን የምከፍተውም፣ መጻሕፍቱን የማወጣውና የምመልሰውም እኔው ነኝ። ተተኪው ሁለት ዓመት ሙሉ በመንገድ ላይ ነው፤ በሰላም ያድርሰው።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ጎድሎ አይደለም። በታሸገ ፖስታ አራት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር። አራቱም ደርሰዋል ተብለው ተመዝግበዋል፤ ከደረሱ በኋላ ወዴት እንደሄዱ ግን መዝገቡ አይናገርም። ምናልባት ፖስታውን መቅደድ ጊዜዎን እየወሰደ ይሆናል ብዬ፣ ይህኛውን ያለ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። አንድ ቅጂም በንባብ ክፍሉ በር ላይ ለጥፌአለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ከመነሻው ላስቀምጠው። የዛሬ ሦስት ዓመት መጻሕፍታችን በጆንያ ተጭነው ወለል ላይ ስለነበሩ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለንባብ ክፍሉ ሁለት መደርደሪያ ገዛ። አንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። የመስታወት በር አለው፤ ቺፕውድ ከሚሉት፣ የእንጨት ብናኝ ተጨምቆ ከሚሠራ ጣውላ የተሠራ ሲሆን፣ በላዩ እንጨት የሚመስል ወረቀት ተለብጦበታል። ዋጋው ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር ነው። ሁለተኛው ጉኑኖ ላይ ባዳቾ የሚባል አናጢ ከዋንዛ የሠራው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ባለ ሰባት እርከን መደርደሪያ ነው። ዋጋው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው።

የጽሕፈት ቤታችን አሠራር ደግሞ ዕቃን በሁለት ይከፍላል። ከሁለት ሺህ ብር ጀምሮ ያለው ቋሚ ዕቃ ነው። ከዚያ በታች ያለው አላቂ ነው፤ ማለትም እንደ ሳሙና፣ እንደ ጠመኔ፣ እንደ ወረቀት ሲጠቀሙበት የሚያልቅ። በዚህም መሠረት የባዳቾ መደርደሪያ ከጽዳት ዕቃዎች ጋር በአንድ ቅጽ ተመዘገበ፦ የልብስ ሳሙና 24፣ በረኪና 12 ሊትር፣ መጥረጊያ 6፣ መደርደሪያ 1። የጽዳት ዕቃ የምረከበው እኔ ስለሆንኩ እኔው ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ ሳሙናው አልቋል። በረኪናውም አልቋል። መጥረጊያዎቹ በየተራ ራሳቸው ተመልጦ፣ እንጨታቸው ብቻ ቀርቶ አልቀዋል። መደርደሪያው ግን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ተሸክሞ፣ በአንዱም እርከን ላይ ወገቡን ሳያጎብጥ ቆሞ አለ። ይህ ድፍረቱ በመዝገብ ላይ ስለተደረሰበት፣ በግንቦት ወር ከእርስዎ የሚከተለው ትእዛዝ ደረሰኝ፦ «በአላቂነት ወጪ የሆነው መደርደሪያ ከሦስት ዓመት በኋላም ባለማለቁ፣ ለታለመለት አገልግሎት እንዳልዋለ ይቆጠራል። ስለሆነም እስከ ሰኔ 20 ቀን ተነሥቶ ለማገዶ እንዲወገድ። መደርደሪያ የሌለው ክፍል የንባብ ክፍል ስለማይባል፣ ክፍሉ ተቆልፎ ለዕቃ ማስቀመጫ እንዲሰጥ፣ መጻሕፍቱም ወደ ጆንያ እንዲመለሱ።»

የትእዛዙን ፍትሐዊነት ለመረዳት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳሙና ሦስት ዓመት ካላለቀ፣ እውነትም ሰው አልታጠበበትም ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቼ ያሉኝን ጥቂት ቅሬታዎች፣ ወይም ምስጋናዎች ቢባሉ ይሻላል፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሁለት መቶ ብር

ክቡር ሆይ፣ የአሠራሩን ጥበብ ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር የተከፈለበት ዋንዛ እንደ ሳሙና የሚሟሟ ሲሆን፣ በዚያው ዋንዛ ላይ ሁለት መቶ ብር ቢጨመርበት ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ይሆናል። እንጨት የሚያጠነክሩ ብዙ ነገሮች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ቫርኒሽ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የምድጃ ጭስ። ሁለት መቶ ብር ምስጥን እንደሚያባርር ግን የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

ትምህርቱን ከተቀበልኩ በኋላ ጊዜ አላጠፋሁም። በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ሁለት መቶ ብር ይዤ፣ ለጥንቃቄም አሥር ብር ጨምሬ፣ በሚኒባስ ወደ ጉኑኖ ሄድኩ። ባዳቾን በግቢው ውስጥ አንድ ጣውላ ሲልግ አገኘሁት። ብሩን ተቀብሎ፣ የመደርደሪያው ዋጋ ሁለት ሺህ አሥር መሆኑን በደብዳቤ እንዲገልጽልኝ በትሕትና ጠየቅሁት። መላጊያውን አስቀምጦ ብሩን አየ፣ እኔን አየ፣ «እህቴ አሳየሽ፣ ይሄን ብር ምኑ ላይ ልምታው? በሚስማር ነው ወይስ በኮላ?» አለኝ። የእንጨቱን ጥራት ለመጨመር እንደሆነ ሳስረዳው ፊቱን ወደ ቤት መልሶ ሚስቱን ጠራና «ነይማ ስሚ፣ ሶዶ ላይ ብር ጣውላ ሆኗል!» አላት። እርሷም ከውስጥ ሆና «እንግዲያው አንተ ዛፍ መትከል ተው፣ ብር ትከል» አለችው።

ዋጋውን ለምን እንዳሳነሰው ጠየቅሁት። ዋንዛው አባቱ በግቢያቸው የተከለው ነበር። ነፋስ ከጣለው በኋላ አስሰንጥቆ፣ ጣውላውን ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ አራት ዓመት በጭስ አድርቆታል። መደርደሪያው ውስጥ አንድም ሚስማር የለም፤ እንጨቱ እንጨት ውስጥ እየገባ የተያያዘ ነው። ያስከፈለን የመሰንጠቂያውን፣ የኮላውንና የቫርኒሹን፣ መደርደሪያውን ላመጣው ኢሱዙም የከፈለውን ብቻ ነው። «ለመጻሕፍት ነው አላችሁኝ» አለኝ፤ «ዛፉ ያላስከፈለኝን እኔ ምን ብዬ ላስከፍላችሁ?»

ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ባዳቾ ዛፉን ከነጋዴ ገዝቶ፣ በዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ተከራይቶ፣ በሱቁ ደጃፍ ባለቀለም መብራት ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ እንጨቱ ይጠነክር ነበር። እርሱ ግን አራት ዓመት ማድረቅ ይበቃል ብሎ ተሳሳተ። ሁለት መቶ አሥሩን ብር ይዤ ተመለስኩ፤ የተረፈኝም ከመልሱ ትራንስፖርት በኋላ አንድ መቶ ሠላሳ ብር ነው።

2ኛ. ስለ ቋሚው መደርደሪያ

ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር የወጣበት ቋሚ መደርደሪያ በቋሚነት የሚገኘው በእርስዎ ቢሮ ውስጥ ነው። ሰኞና ሐሙስ ቢሮዎን ስጠርግ አየዋለሁ። የመጣበት ፕላስቲክ ከበሩ በስተቀር እስከ ዛሬ አልተገፈፈለትም። ቁልፉ በኪስዎ ነው። በውስጡ የሠራተኞች የስፖርት ቀን ዋንጫ፣ የፕላስቲክ አበባና የካቻምና የቀን መቁጠሪያ ይታያሉ። መጽሐፍ የለበትም።

ለመጻሕፍት መደርደሪያ ይህ እንግዳ ነገር መስሎኝ ስጠይቅ፣ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ቋሚ ዕቃ በአንድ ሰው ስም ይፈረማል፤ ከተጫረ ከፈራሚው ደመወዝ ይቆረጣል። ስለዚህ የፈረመ ሰው እንዳይጫርበት መጽሐፍ አያስገባበትም፤ ያልፈረመ ሰው ደግሞ አይደርስበትም። ሲጠቃለል፣ ውድ ስለሆነ አይሠራበትም፤ ስለማይሠራበት አይበላሽም፤ ስለማይበላሽ ጥራት ያለው ነው፤ ጥራት ያለው ስለሆነ ውድ መሆኑ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ምንም ያልጎደለው ክብ ነገር ከሙሉ ጨረቃ በቀር አላየሁም።

ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ አንድ ቀን በእኔ ስም ይፈረምና ወደ ንባብ ክፍሉ ይምጣ ብዬ ለምኜዎት ነበር። እርስዎም ፈገግ ብለው «አሳየሽ፣ ያንቺ ደመወዝ ይሄን መደርደሪያ አይሸከምም» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከጀርባው አቧራ ሳነሣ፣ አምራቹ የለጠፈውን ትንሽ ወረቀት አነበብኩ። በአንድ እርከን ላይ ከስምንት ኪሎ በላይ እንዳይጫን ይላል። የንባብ ክፍሉን ትልቁን መዝገበ ቃላት አቅፌ ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ወደ ጀማለዲን ሄድኩና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ጀማለዲን ሚዛኑን እያየ «እትዬ፣ ኪሎውን በስንት ነው የሚሸጡት?» ብሎ ቀለደብኝ። ሁለት ኪሎ ከሩብ ሆነ። እንግዲህ አንድ እርከን ሦስት መዝገበ ቃላትና አንድ ቀጭን የልጆች ተረት ይይዛል ማለት ነው። ያን ዕለት ከመደርደሪያዎ ጋር ታረቅሁ። ደመወዜ እርሱን አይሸከምም፤ እርሱም መጽሐፍ አይሸከምም። አቅማችን እኩል ነው።

እዚህ ላይ፣ ቁጥር ሳልሰጠው፣ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ርካሽ ሁሉ ጥሩ ነው የምል ሰው እንዳልመስልዎት። እኔ ራሴ ለቤቴ ከገበያ በስድስት መቶ ብር የባሕር ዛፍ መደርደሪያ ገዝቼ ነበር። እንጨቱ እርጥብ መሆኑን አላየሁም። በመስከረም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በኅዳር ጠምዘዝ ብሎ ወደ ጎረቤት ዞረ፤ በጥር ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ተፋቸው። ውድ ሁሉ መጥፎ ነውም አልልም፤ ጥሩ አናጢ ለእጁ ተገቢውን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ባዳቾም ቢጠይቅ ኖሮ ደስ ባለኝ፣ ዛሬ ከምናየው መከራም በዳንን ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ዋጋ የሚናገረው ዕቃው ስላለፈበት መንገድ ነው፤ በስንት እጅ እንደዞረ፣ በየትኛው ሱቅ መስታወት ውስጥ እንደቆመ። ስለ ዕቃው ስለ ራሱ ማወቅ የፈለገ ሰው ጀርባውን ዞሮ ያያል፤ አናጢ ለመታየት የማይሠራው ቦታ እርሱ ነውና። አንዱን ጥግ ይዞ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ሌላው ጥግ አብሮ ካልተነሣ ይጠራጠራል። የእርከኑን መሐል በመዳፉ ይጫነዋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ፊርማ የረዘመ ጊዜ አይወስድም። የግዥ ኮሚቴው ግን ሥራ ስለሚበዛበት ከፊት ለፊት የተጻፈውን ዋጋ ብቻ አነበበ፤ ዋጋን ለማንበብ ደግሞ ከወንበር መነሣት አያስፈልግም።

3ኛ. ስለ ገጽ ዘጠኝ

እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። ልማዱ ስላልለቀቀኝ፣ ዛሬም ቢሆን የገዛሁት ነገር የመጣበትን ወረቀት ሳላነብ አልጥልም። ያለፈው ማክሰኞ ከጀማለዲን ሱቅ ግማሽ ኪሎ ምስር ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ምስሩን ወደ ሳህን ገልብጬ ወረቀቱን ሳቃና፣ የጽሕፈት ቤታችን የንብረት መመሪያ ገጽ ዘጠኝ ሆኖ አገኘሁት። መዝገብ ቤቱ አሮጌ ወረቀት በኪሎ እንደሚሸጥ አውቅ ነበር፤ መመሪያውም አሮጌ ከሚባለው ውስጥ መግባቱን ግን አላውቅም ነበር።

ገጹ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ዕቃ ቋሚ ወይም አላቂ መሆኑ የሚለየው በዋጋው ብቻ ሳይሆን በሚሰጠው የአገልግሎት ዘመን ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያንስ፣ በቋሚነት ይመዘገባል። ይሁን እንጂ» እዚህ ላይ ገጹ ያልቃል።

ምስሬን ሳልለቅም ወደ ሱቁ ተመለስኩና ገጽ አሥርን ጠየቅሁ። ጀማለዲን ከባንኮኒው ሥር ያለውን ክምር እያገላበጠ ቆየና «እትዬ፣ ገጽ አሥር ትናንት በርበሬ ይዞ ወደ ቢጠና ሄዷል፤ ከፈለጉ ገጽ አርባ ሁለት አለ፣ እሱ ስለ መኪና ጎማ ነው» አለኝ። ገጽ አርባ ሁለትን ተቀብዬ አነበብኩት። የመኪና ጎማ አላቂ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከ«ይሁን እንጂ» በኋላ ምን እንደተጻፈ እርስዎ ሳያውቁት አይቀርም። እኔ በመገመት ላይ ነኝ። እስከ «ይሁን እንጂ» ድረስ ያለውን ሳነበው መመሪያው የባዳቾ ዘመድ የጻፈው ይመስላል። እኛ ግን የምንተዳደረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ገጽ ነው፤ ለብዙ ዓመት ከኖርኩበት ነገር የተረዳሁትም ይህንኑ ነው። አሁን ያ ገጽ ቢጠና ላይ የማን ወጥ ውስጥ እንደገባ አንድዬ ያውቃል።

4ኛ. ስለ አንዲት አንባቢ

ፈጠነች የምትባል ሴት በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ንባብ ክፍሉ ትመጣለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ገበያ ላይ ቦይና፣ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለውን፣ ትሸጣለች። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ጨርሳ፣ በመጪው ሐምሌ መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በግል ትወስዳለች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አምና ያለፋት በጥቂት ነጥብ ነው። ዱቦ ሆስፒታል የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ያዋለደቻትን ሴት እጅ አይታ፣ እኔም አዋላጅ እሆናለሁ ብላ ነው የተነሣችው። ባሏ ሦስት ጊዜ ይበቃል፣ አራተኛ የለም ብሏታል፤ እርሷም እሺ ብላለች።

የምታነብበው የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ከክፍሉ አይወጣም። በዋንዛው መደርደሪያ ሦስተኛ እርከን ላይ ነው። ሰኔ 20 ቀን ክፍሉ ከተቆለፈ መጽሐፉ ጆንያ ውስጥ ይገባል፤ እርሷም ከፈተናው በፊት ያሉትን የመጨረሻ ቀናት በቦይናው መሐል ተቀምጣ ታሳልፋለች።

የእርስዎን ትእዛዝ ባነበብኩላት ቀን ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደችና ጎኑን በጡጫዋ መታ መታ አድርጋ «አንተ! ሞተሃል ተብሏል እኮ፤ ተኛ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል!» አለችው። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ አሳየሽ፣ ሰኔ ሃያ ስንት ቀን ቀረው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን አንድ ምዕራፍ ታነብ የነበረችው ሴት ሁለት ምዕራፍ ታነባለች፤ በሁለተኛው ላይ ዓይኗ እየቀላ ነው። ስለ እርሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

5ኛ. ስለ እኔ ጥፋት

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናዋ ጥፋተኛ እኔ መሆኔን አልክድም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የአላቂ ዕቃ ቅጽ ይመጣልናል። በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት «አልቋል» ወይም «አላለቀም» ብለን እንሞላለን። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስሞላ ኖሬአለሁ፦ ሳሙና፣ አልቋል። በረኪና፣ አልቋል። መጥረጊያ፣ አልቋል። መደርደሪያ፣ አላለቀም።

በሌሎቹ ክፍሎች የሚሠሩ ባልደረቦቼ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠሩም። በየሰኔው ባልዲውን ይጨርሳሉ፣ የመቀመጫ ዱካውን ይጨርሳሉ፣ የግድግዳውን ሰዓት ሳይቀር ይጨርሳሉ። ሰዓቱ ካለቀ አምስተኛ ዓመቱን ቢይዝም ግድግዳው ላይ ሆኖ ይቆጥራል፤ ሁላችንም ከሥራ የምንወጣው በእርሱ ነው። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃቸውም። አለ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ የተጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። የተጻፈውን ሁሉ አምኜ ስለ ተማርኩ፣ ወረቀት ላይ ያላለቀን አልቋል ማለት እጄን ያስረዋል። ባልደረቦቼ «አሳየሽ፣ አንቺ ነሽ እንጂ መደርደሪያው አይደለም ችግሩ» ሲሉኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም።

ትናንት ሰማኋቸው። የዘንድሮውን ቅጽ ሞላሁ። መደርደሪያ፣ አልቋል። ከሥሩ ፈረምኩ፤ ጸሐፊዎም ተቀብላ በፍጥነት ማኅተም መታችበት። በዕድሜዬ በጽሑፍ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለዚህም የንስሐ አባቴን አነጋግሬአለሁ። መደርደሪያው በምን አለቀ ብለው ሲጠይቁኝ በመጻሕፍት ነው አልኳቸው፤ እስከ ዛሬ እያሰቡበት ነው።

ስለሆነም ክቡር ሆይ፣ በሰኔ 20 ቀን አራት ሰዎችንና ጋሪ ለመላክ እንዳይደክሙ በአክብሮት አስታውቃለሁ። ያለቀ ሳሙና መልሺ ተብዬ አላውቅም፤ ያለቀ በረኪናም ለማገዶ ተነሥቶ አያውቅም። የሌለን ዕቃ ለማንሣት ደግሞ ምን ዓይነት ቅጽ እንደሚሞላ በገጽ ዘጠኝ ላይ አልተጻፈም።

መደርደሪያ የሌለው ክፍል ይቆለፍ የሚለው የትእዛዝዎ ክፍልም ቢሆን አያስጨንቀንም። ሐሙስ ዕለት ቢሮዎን ስጠርግ በቋሚው መደርደሪያ እግር ላይ የተለጠፈውን የንብረት ቁጥር ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። «የንባብ ክፍል፣ ቋሚ ንብረት» ይላል። በመዝገብ የንባብ ክፍሉ መደርደሪያ አለው፤ ያውም ባለ ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር። መደርደሪያ የለውም ብሎ ክፍላችንን የሚቆልፍ ሰው፣ ከዞን የሚመጡት ቆጣሪዎች ሰኔ 25 ቀን ሲደርሱ ያ መደርደሪያ የት እንዳለና በውስጡ ምን እንደተደረደረ ቆሞ ሊያስረዳቸው ይገደዳል። እኔ በበኩሌ ከጠየቁኝ የማውቀውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ሁለተኛ ውሸት ስለማይሆንልኝ።

በመሆኑም የንባብ ክፍሉ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ከዚያም ወዲያ፣ እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቅ ቢሉ፣ ባለቀው መደርደሪያ ፊት ተቀምጣ የምታነብ አንዲት ሴት ያገኛሉ። እንዳይረብሿት ብቻ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለላኩልኝ ትእዛዝና ላልመለሱልኝ አራት ደብዳቤዎች የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሥልጣንዎ ከቋሚ ዕቃዎች ተርታ እንዲመዘገብልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሃያ አራት ሳሙና፣ የአሥራ ሁለት ሊትር በረኪና፣ የስድስት መጥረጊያና የአንድ የሌለ መደርደሪያ ተረካቢ

አሳየሽ ደገፉ

ማስታወሻ፦ አላቂ ዕቃ ሲያልቅ ምትኩን በአዲሱ የበጀት ዓመት መጠየቅ የተረካቢዋ መብት ስለሆነ፣ የሐምሌን መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፦ የልብስ ሳሙና 24፣ በረኪና 12 ሊትር፣ መጥረጊያ 6፣ መደርደሪያ 1። ባዳቾ ዘንድሮም በዚያው በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር እሠራለሁ ብሏል። የአሁኑ እንደ መጀመሪያው እንዳያስቸግርዎት፣ በዓመቱ የሚያልቅ አድርጎ እንዲሠራው አጥብቄ ለምኜዋለሁ፤ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅበትም ብሎኛል።